ለመሰናክሉ አሰልጣኝ

«ካውያው ጋለ ወይስ ገና ነው፣ ዋርሳዬ?… ይሁን፣ አትቸኩዪ። ሱፍ ችኩል እጅ አይወድም። ዛሬ ደግሞ ሙቀቱ አይጣል ነው። መስኮቱን ሲከፍቱት አቧራ፣ ሲዘጉት ወበቅ። ከጠዋት ጀምሮ ያችን ጠርሙስ ሁለት ጊዜ ውሃ አስሞላሁ። ጌታዬ፣ እርስዎ እጅዎን እንዲህ ዘርጋ ያድርጉልኝ… እሰይ። እንደዚያው ይቆዩ።»

ጌታዬ የተባለው ሰው እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ዝቅ ያለች የእንጨት ሳጥን ላይ ቆሟል። ከፊቱ ረጅም መስታወት አለ። ከኋላው ሜትር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ልብስ ሰፊ፣ ከጥግ ደግሞ ካውያው ላይ ያጎነበሰች የሰፊዋ ባል እህት። ሰፊዋ በአፏ ጥግ ሦስት አራት ስፒል ነክሳለች፤ ስፒሉ ግን ወሬዋን አላገዳትም።

ሰውየው በከተማው ስታዲየም ኃላፊነት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ቢሆንም ሰዉ አሁንም «ኃላፊው» ነው የሚለው። ነገ ጠዋት እዚያው ስታዲየም ትልቅ የክብር ዝግጅት አለ። በዚህ ከተማ ተወልዳ ያደገችው የሦስት ሺህ ሜትር መሰናክል ሯጭ በዓለም ሻምፒዮና ወርቅ አጥልቃ ልትመለስ ነው፤ ከእሷ ጋር «የመጀመሪያ አሰልጣኟ» ይሸለማል። እሱ ማለት ነው። ኮሚቴዎቹ ቤቱ ድረስ መጥተው «ልጅቷ ማን ጋ ነው የጀመረችው?» ቢሉት «እኛ ጋ ነው» ብሎ መለሰ። «እኛ» ያለው ወረቀት ላይ ሲሰፍር «እኔ» ሆነ። አላረማቸውም። ለዚህ ቀን ብሎ የገዛው ሙሉ ልብስ ትከሻው ሰፋበት፣ እጅጌው ረዘመበት። ከስታዲየሙ አጥር ሥር ያለችው ሰፊ በአንድ ቀን ታደርሳለች ብለው ላኩት። ማን ናት፣ የማን ሚስት ናት ብሎ አልጠየቀም። ሲገባም በር ላይ ጥላ ሥር የተቀመጠውን ባለ ጥቁር መነጽር ሽማግሌ «እንደምን ዋልክ» ብሎት አልፎ ነው የገባው።

«ነገ እኮ ከተማው ግልብጥ ብሎ ሊወጣ ነው፣ ዋርሳዬ» አለች ሰፊዋ የኮቱን ጀርባ በጠመኔ እያሰመረች። «ባነሩን አየሽው፣ ስታዲየሙ በር ላይ የሰቀሉትን? እኔ ውሃ ላስሞላ ስወጣ ቆሜ አየሁት። ልጅቷ በግራ፣ አሰልጣኟ በቀኝ። እኩል አድርገው ነው የሠሯቸው፤ አንዱ ካንዱ አይበልጥም። ተገቢ ነው። እሷ የሮጠችውን ያህል እሱም… እንግዲህ… ቆሟል። ቆሞ መጠበቅ ቀላል ነው እንዴ? እግር ያብጣል።»

ኃላፊው መስታወቱ ውስጥ ፈገግ አለ። ሴትየዋ ያላወቀችው መሰለውና እኔ ነኝ ሊላት ትንሽ ቀረው። ሳይል መቅረቱ በኋላ በጀው።

«ስሙን አልጠራም። ሰውን በስሙ እየጠሩ ማመስገን ለዓይን መዳረግ ነው። ብቻ ከሥሩ በትልቁ ምን ብለው ጽፈውለታል መሰለሽ? ‘ፈር ቀዳጅ’። ፈሩን እንኳ እኔ አላየሁም፣ ምን አስዋሸኝ። ቀዳጅነቱን ግን… ማንም ቢጠይቀኝ ቆሜ እመሰክራለሁ። ያቺ ቅጽ ነበረቻ። አንቺ ያኔ እዚህ አልነበርሽም። ልጅቷ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። የክለቡን መመዝገቢያ ሞልታ፣ ፎቶዋን ለጥፋ፣ እናቷን አስፈርማ ቢሮ ይዛ ገባች። ሰውየው ቅጹን አነበበ፤ ዝም ብሎ አልፈረደም፣ አነበበ። ከዚያ እግሯን አየ። ጉልበቷ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው፣ ታውቂያታለሽ። ‘ይህ እግር እንኳን ለሩጫ ለመንገድም አይሆን’ አለና ወረቀቱን ለሁለት ቀደደው። አስቢው እንግዲህ። ሌላ ሰው ቢሆን ለአራት ይቀደው ነበር። እሱ ለሁለት ብቻ። ዞር ብላ ብትለጥፈው ብሎ ይሆናል።»

ካውያው ቺስ አለ። የባል እህት ቀና አላለችም።

ኃላፊው ፈገግታውን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። እንዲህ ያለ ቅጽ አላስታውስም ብሎ ለራሱ ነገረው። ከመቶ ልጅ በላይ ነው በየዓመቱ የሚመጣው፤ ማንን ከማን ይለያል። ፎቶዋ ግን ትዝ አለው። ቀደዳው በፎቶው መሃል ነበር ያለፈው።

«እጅዎን አያውርዱ ጌታዬ፣ ብብቱ ይሸበሸባል… ጎሽ። የት ደረስኩ? አዎ። መሰናክል የሚባለውን ሩጫ እኔ እስካለፈው ወር ድረስ አላውቀውም ነበር። ሩጫ ሩጫ ነው ብዬ። በቴሌቪዥን ሳይ ለካ ሌላ ነው። በየመንገዱ ወፍራም እንጨት ይጋርጡባቸዋል። አንደኛው እንጨት ማዶ ደግሞ ውሃ የሞላ ጉድጓድ አለ። ልጅቷ ትዘላለች፣ ትሮጣለች፣ ደግሞ ትዘላለች። ሌሎቹ ሲንገዳገዱ እሷ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ናት። ስፌቴን አስቀምጬ አሰብኩ። ይህችን ልጅ ይህን ማን አስተማራት? ሜዳችን ላይ እንደሆነ እንኳን መሰናክል ቀጥ ያለ ወንበር የለም። አሰብኩ፣ አሰብኩ… ከዚያ ገባኝ።»

መቀሷን አንስታ አንዲት ክር ቆረጠች።

«ቅጿ የተቀደደ ዕለት በሩ ተዘጋባት። ለዘበኛው ‘ይህችን ልጅ እንዳታስገባ’ ተባለ። በሩ ባይዘጋባት አጥር መዝለል የት ትለምድ ነበር? አጥሩ ደግሞ ተራ አጥር አይደለም፤ ከደረቴ በላይ ነው። ዘበኛውም ካያት በዱላ ያባርራታል። አባራሪ የሌለው ሯጭ ከየት አምጥቶ ይፈጥናል? ያ የቧንቧ ቦይስ፣ አልነገርኩሽም? ተቆፍሮ ስድስት ወር ሳይደፈን የቀረው፣ ዝናብ የሞላው… ሰዉ ሁሉ ‘ምን ዓይነት ኃላፊ ነው፣ ቦይ ያላስደፈነ’ እያለ ያማው ነበር። አየሽ የሰው ነገር። ሰውየው ዝም ብሎ የውሃ ዝላይ እያሠለጠነ ኖሯል። ቦዩ በጊዜው ቢደፈን ኖሮ ዛሬ ወርቁ የት ይገኝ ነበር? እኔ ‘የመጀመሪያ አሰልጣኝ’ ማለታቸው ራሱ አንሶበታል ባይ ነኝ። የመጀመሪያውን መሰናክልማ ያለ እሱ ማን ሆነላት?»

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። ይህች ሴት ስለ ማን እንደምታወራ ለመጠየቅ ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር። ቢጠይቅ ግን ምን ሊባል? እርስዎን ማን ነካ፣ ለምን ደነገጡ? ቢቆጣም ያው ነው። እንዲህ ባለ ነገር መልስ የሰጠ ሰው ስሙን በገዛ እጁ ጽፎ መፈረሙ ነው። ስለዚህ እጁን እንደዘረጋ መስታወቱን ማየት ጀመረ፤ መስታወቱ ውስጥ ደግሞ ያለው እሱ ብቻ ነው።

«ጠቅሟል፣ ዋርሳዬ። በጣም ነው የጠቀመው። እኔ በመርፌ ስጠቅም ክር ነው የምጨርሰው፤ እሱ ሲጠቅም ሰው… ደህና ደህናውን ሰው ሁሉ ከጎኑ ያሰልፍ ነበር ማለቴ ነው። ወንድምሽን ውሰጂ። የእኔ ባል ምኑ ይነሳል? ኖራ ቀቢ። ኖራ ሲቀባ ኖረ፣ ስሙም ጋሽ ኖራ ሆኖ ቀረ። ለዚያች ልጅ ምን አደረገላት ቢባል የሚጠቀስ ነገር የለም። ሊነጋጋ ሲል ሜዳው ላይ መስመር ለማስመር ይገባል፤ ያኔ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ አገኛት። የኋላዋን ትንሽ በር ከፈተላት። በር መክፈት ቁም ነገር ነው? ማንም ይከፍታል። ከዚያ ሰዓት ይይዝላታል። ይህንኑ ሜትር ከአንገቴ እየወሰደ እርምጃዋን ይለካል፣ ‘ዛሬ በሁለት ጣት ጨመረች’ ብሎ ሲመጣ ቁርሱን ይረሳል። በኖራው በየሃምሳ እርምጃው ምልክት እያደረገ ያዘልላታል። አራት ዓመት። እሱ ሥራ ይባላል? ይህንን እኮ ባነር ላይ ብትጽፊው እንኳ ቦታ ይፈጃል እንጂ አያምርም።»

ጋሽ ኖራ ስትል የኃላፊው ቀኝ እጅ በራሱ ጊዜ ዝቅ አለ። ሰፊዋ ከኋላ ክርኑን በሁለት ጣቷ ይዛ ቀስ አድርጋ መለሰችው።

«ትንሽ ነው የቀረን፣ ጌታዬ… ታዲያ ሰውየው ይህን ሲሰማ ተቆጣ እንዳይመስልሽ። ደግ ነው ብዬሻለሁ። ሌላው ቢሆን ያባርረው ነበር። እሱ መጋዘን መደበው። ኖራ እንዲፈታ፣ ጆንያ እንዲያራግፍ። መስኮት የለውም፣ ፀሐይ አያገኘውም፤ ለጤና ጥሩ ነው። ሦስት ዓመት እዚያ ዋለ። ዱቄቱ ሲያቃጥለው መነጽር ይሰጠኝ ብሎ ጠየቀ። ሰውየው ደግሞ ጨዋታ ያውቃል፤ ‘ምን ሊሠራልህ፣ ፊልም ልታይ ነው?’ አለው። ቢሮው ሁሉ ሳቀ አሉ። ወንድምሽም አብሮ ሳቀ። እውነቱን ነው እኮ… አሁን ፊልምም ሌላም አያይም።»

የስፌት መኪናው ላይ የተቀመጠችው ትንሽ ሬዲዮ ስለ ነገው ዝግጅት እያወራች ነው። ኃላፊው በሩን በመስታወት ውስጥ ፈለገው። ከበሩ ጠርዝ አንድ ጫማና የምርኩዝ ጫፍ ብቻ ይታያል። ሳቁን አስታወሰ። የሰዎቹን ሳቅ አይደለም፣ የኖራ ቀቢውን። ሰውየው ሲስቅ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ይጠርግ ነበር። ያኔ የሳቅ እንባ መስሎት ነበር።

«ቅድም ምን አለኝ መሰለሽ» አለች ሰፊዋ ድምፅዋን ሳትቀይር። «ውሃ ልሰጠው ብወጣ፣ ‘ትልቅ ሰው መጥቶልሻል’ አለኝ። እንዴት አወቅህ ብለው፣ ‘በኮቴው’። ዓይን ሲሄድ ጆሮ ይሾማል። ማነው አላልኩትም፣ ማነው አላለኝም። የመጣ ሰው ሁሉ ደንበኛ ነው። ‘ጥሩ አድርገሽ ስፊለት’ አለኝ። እኔም ጥሩ አድርጌ ነው የምሰፋው፤ ይኸው አንቺ ምስክር ነሽ።»

ወደ ፊት ዞረችና የኮቱን ትከሻ በመዳፏ ጫን ጫን አደረገችው።

«ትከሻው ባዶ ነው፣ ጌታዬ። አይጨነቁ። ዘንድሮ ትከሻ ከውስጥ አይመጣም፤ ስፖንጅ ጨመር አድርገን እንሰፋበታለን። ከሩቅ ማንም አይለየውም። ጠጋ ብሎ የሚያቅፍ ሰው ካልመጣ በቀር… ስለ ትከሻ ካነሳንማ፣ ዋርሳዬ፣ ያንን ባነር ደግመሽ እዪው። የልጅቷ ፎቶ የድሮ ነው፤ መጀመሪያ ያሸነፈች ዕለት የተነሳችው። የእኛው ግድግዳ ላይ የነበረው። ኮሚቴዎቹ ተውሰው ወሰዱት፣ ይመልሱታል። እዚያ ላይ ወንድምሽ አጠገቧ ቆሞ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጓል። አታሚዎቹ ተቸግረዋል። ፊቱን ቆርጠው አወጡት፣ እጁ ግን ከልጅቷ ትከሻ አልነሳ አላቸው። እሱን ቢቆርጡ ትከሻዋም አብሮ ሊሄድ ነው። ተዉት። ከጎን የአሰልጣኙን ፎቶ ለጠፉበት። አሁን ያ ሰው ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆሞ፣ ሦስተኛው እጁ ልጅቷ ትከሻ ላይ ነው። ሦስተኛው ብቻ ኖራ ነክቶታል። ብዙ የሚሠራ ሰው ሦስት እጅ ቢኖረው ምን ይገርማል?»

የባል እህት ካውያውን አቁማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ትሳቅ ታልቅስ ከኋላ አይለይም።

«ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች። ያ ድሮ ነው። አሁን ጠጠር ለወረወረም ወርቅ አለ። እንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የሚገርመኝ እንቁላሏን የረገጠው ሰው ጫጩቷን ‘እኔ ነኝ የፈለፈልኳት’ ሲል ድምፁ አለመንቀጥቀጡ ነው። ልምድ ይሆናል። እኔ ብሆን ድምፄ ይያዛል።

«ልጅቷ ትናንት ደውላ ነበር። ነግሬሽ የለም? ለእሱ ነው የደወለችው። ‘ጋሽ ኖራ፣ ለዝግጅቱ ኮት እንዳይለብሱ፣ ያንን የሥራ ልብስዎን ነው የምፈልገው’ አለችው። ‘የመጀመሪያ አሰልጣኝ ተብሎ ሲጠራ ደረጃ እንዳይወጡ፣ እኔ ከመድረክ ወርጄ ይዤዎት እወጣለሁ’ አለችው። አየሽ… ማን እንደሚሸለም አልነገሯትም። ማን ይሆናል ብላም አልጠየቀችም። ለእሷ የሚጠየቅ ነገር አይደለም። ስልኩን ተቀብዬ ልነግራት ነበር፣ ወንድምሽ እጄን ያዘኝ። ‘ተያት፣ ልጅ ናት፣ ደስታዋን አትንኪባት’ አለኝ። እኔም ተውኩት። የሰው ደስታ ላይ ውሃ መቸለስ ነውር ነው። እሱማ መጥሪያ ካርድ ስላልደረሰው አይሄድም፣ እዚሁ በር ላይ ሆኖ በድምፅ ማጉያው ይሰማል። ብቻ ያቺ ልጅ፣ ‘የመጀመሪያ አሰልጣኝ’ ተብሎ ተጠርቶ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ተነሥቶ ሲያጨበጭብ፣ ደረጃውን እየዘለለች ስትወርድ… በዚያ ፍጥነቷ… መሰናክል ለምዳለች… ማን ጋ ነው የምትሄደው እያልኩ ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ። ለእሷ አይደለም። እዚያ አዲስ ልብሱን ለብሶ ለሚቆመው ሰው ነው ያዘንኩት። ባዶ እጁን ዘርግቶ እንዳይቀር።»

ኃላፊው የገዛ እጆቹን መስታወቱ ውስጥ አያቸው። ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል።

«አሁን ያውርዱ ጌታዬ፤ ጨርሻለሁ።»

አወረደ። ደንዝዘው ቶሎ አልታዘዙለትም። ሰፊዋ ኮቱን ከላዩ ላይ ስፒሎቹ እንዳይነኩት በጥንቃቄ አወለቀችለት፤ አንድም ስፒል አልወጋውም። ከሳጥኑ ላይ ወረደና ወንበር ላይ ጥሎት የነበረውን አሮጌ ጃኬቱን አነሳ። የውስጥ ኪሱ ውስጥ ሁለት መጥሪያ ካርዶች ነበሩ። አንደኛው የፊት ረድፍ፣ ከክብር እንግዶች አጠገብ ነው፤ ለሚስቱ ያስቀመጠው። ሌላኛው ሁለተኛ በር፣ ከኋላ። ሁለቱንም አወጣ። የፊተኛውን በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ ትንሽ ቆየ። ሚስቱ ፀጉሯን ተሠርታለች። ጎረቤቱን ሁሉ ነግራለች። ካርዱን መልሶ ወደ ኪሱ ከተተውና የኋላውን በር ካርድ ልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

ሰፊዋ አንስታ ከዓይኗ ራቅ አድርጋ አነበበችው።

«ይኸው፣ ዋርሳዬ፣ ለወንድምሽ ካርድ መጣለት። ሁለተኛ በር… ከኋላ… ሰባ አራተኛ ረድፍ። ጥላ አለው እዚያ፣ አውቀዋለሁ። ሩቅ ነው እንዳትዪ። ለማያይ ሰው ፊትና ኋላ ምን ለውጥ አለው? እንዲያውም ልጅቷ እስክትደርስ ድረስ ሰዉ በደንብ ያያታል። ስታዲየሙን ከዳር እስከ ዳር ልታቋርጥ ነው። የታሰበበት ነገር ነው።»

ካርዱን ሜትሯ ሥር ደረቷ ላይ በስፒል ሰካችው።

ኃላፊው ጃኬቱን ለበሰ። አንዱን እጅጌ ሁለት ጊዜ ነው የሳተው። ካርዱን መልሶ ለመቀበል፣ ወይም የፊተኛውንም ጨምሮ ለመስጠት፣ ወይም ልብሱን አልፈልገውም ለማለት አንድ እርምጃ ወደ ጠረጴዛው ተራመደ። ሦስቱንም አላደረገም። በበሩ ሲወጣ ከሽማግሌው ጋር ምን እንደሚባባሉ ማሰብ ጀመረ። ድምፅ ሳያሰሙ መራመድ ይቻል እንደሆነም አሰበ። ኮቴው ግን አስቀድሞ ተሰምቷል።

ሰፊዋ የጃኬቱን ጀርባ በመዳፏ አቧራ እንደሚያራግፍ ሰው ሁለቴ መታ መታ አደረገችለት። ፊቷ የደስ ደስ ያለው፣ እንግዳዋን በክብር የምትሸኝ ባለሙያ ፊት ነው።

«ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተኩሼ አስቀምጥልዎታለሁ፣ ጌታዬ። እንዲያው በወሬ አሰለቸሁዎ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሴት ስትሰፋ አፏም ይሰፋል። የልጅ ልጅዎ ሩጫ ጀመረች አሉ፣ ትንሿ። ጠዋት ጠዋት ቦርሳዋን አዝላ በዚህ ስታልፍ አያታለሁ፤ ስሟን ባላውቅም ‘እንደምን አደሩ’ ሳትለኝ አታልፍም። ስታሳሳ። እግዜር ያሳድግልዎ። ሮጣ የማትደክም፣ ወድቃ የማትሰበር ያድርጋት። የምታንኳኳው በር ሁሉ ይከፈትላት… ገና በጅምሯ ደግሞ፣ የትም ትሂድ የት፣ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ይጠብቃት።»